የበተርነት ዛፍ አተካከልና አጠባበቅ

በሰሜን አሜሪካ በየዩኒቨርሲቲው ተበትነን የምንገኝ ተማሪዎች በየቀኑ በጥላቸው ሥር እያለፍን ስማቸውን የማናውቃቸው ዛፎች ብዙዎች ናቸው። አገር ቤት ሳለን ዋንዛን ከብሳና፣ ጥድን ከዝግባ መለየት የእረኛ ዕውቀት ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉም «ዛፍ» ተብሎ ይታለፋል። እኔም ግብርና እየተማርሁ እስከ ሦስተኛው ዓመት ድረስ ከዚህ የተሻልሁ አልነበርሁም። ስለዚህ በዚህ ዕትም ስለ አንድ ዛፍ ብቻ፣ ይኸውም በእንግሊዝኛ በተርነት፣ በሳይንስ ስሙ ጁግላንስ ሲኔሪያ ስለሚባለው፣ ከመጽሐፍ የተማርሁትንና በእጄ ሞክሬ ያየሁትን ላካፍላችሁ አስቤአለሁ።

የዚህ ዛፍ አገሩ ከኒው ብራንዝዊክና ከኩቤክ አንሥቶ በኦንታሪዮ በኩል እስከ ሚኒሶታ፣ ወደ ደቡብም በአፓላሺያን ተራሮች በኩል እስከ ሰሜን ጆርጂያና እስከ አርካንሶ ይደርሳል። እንግዲህ ከመካከላችን በቶሮንቶም ሆነ በሚኒያፖሊስ፣ በማዲሰንም ሆነ በኢታካ የሚኖር ሁሉ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ሊያገኘው ይችላል። ይሁን እንጂ ማየት የሚፈልግ ሰው ባይዘገይ ይሻለዋል፤ ዛፉ እየሞተ ነውና።

አስቀድመን መልኩን እንወቅ። በተርነት የዋልነት ወገን ነው። ቁመቱ እንደ ደንቡ ከ12 እስከ 18 ሜትር ሲሆን፣ በተመቸው ቦታ 30 ሜትር የሚደርስም አለ። ቅርፊቱ ግራጫ ነው፤ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1759 ስም ሲያወጣለት «ሲኔሪያ» ማለትም «አመድማ» ያለው ስለዚህ ነው። ቅጠሉ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ከ11 እስከ 17 የሚሆኑ ትንንሽ ቅጠሎች የተደረደሩበት ነው። ከጥቁሩ ዋልነት ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል፤ ነገር ግን የጥቁሩ ዋልነት ፍሬ እንደ ኳስ ክብ ሲሆን የበተርነት ፍሬ ሞላላ ነው፤ በላዩም እጅ ላይ የሚጣበቅ ጠጉር አለው። በክረምት ቅጠሉም ፍሬውም በሌለበት ጊዜ መለየት ቢያስፈልግ፣ ቀንበጡን በምላጭ ለሁለት መሰንጠቅ ነው፤ መቅኒው ጥቁር ቡና ዓይነት ሆኖ እንደ መሰላል የተከፋፈለ ከሆነ በተርነት ነው፤ ፈዘዝ ያለ ከሆነ ዋልነት ነው። ደግሞም ቅጠል በረገፈበት ጠባሳ በላይ እንደ ሪዝ ያለች ጠጉራም መስመር አለችው። መምህራችን ይህችን «ጢም» ይሏት ነበር፤ አንድ ጊዜ ያያት ሰው ከዚያ በኋላ አይሳሳትም።

የፍሬው አስኳል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ዘይት ነው፤ ስሙም ከቅቤ መወለዱ በከንቱ አይደለም። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ፍሬውን ቀቅለው ዘይቱን ከላይ እየገፈፉ ለምግብ ያደርጉት ነበር። እንጨቱ ለስላሳና ፈካ ያለ ስለሆነ ለቅርጻ ቅርጽ ሠሪ ይመቻል። ከልጣጩና ከቅርፊቱ ቡናማ ቀለም ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡብ ወታደሮች በዚህ የተቀለመ ልብስ ይለብሱ ስለ ነበር «በተርነት» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸዋል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን የኒውፋውንድላንዱ ነገር ነው። ከአውሮፓ የመጡ መርከበኞች ከኮሎምቦስ አምስት መቶ ዓመት ያህል ቀድመው በሰፈሩበት ላንስ ኦ ሜዶ በሚባለው ቦታ ቁፋሮ ሲደረግ የበተርነት ፍሬዎች ተገኙ። ዛፉ በዚያ ደሴት አይበቅልም። ስለዚህ ሰዎቹ ወደ ደቡብ ወርደው ተመልሰው ነበር ማለት ነው፤ ይህን የመሰከረው የመርከብ መዝገብ ሳይሆን ሦስት ፍሬ ነው።

አሁን ወደ በሽታው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1967 በዊስኮንሲን የበተርነት ዛፎች ግንዳቸው እየቆሰለ ሲደርቁ መታየቱ ተመዘገበ። አምጪው ፈንገስ መሆኑ ተረጋግጦ ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ በ2011 ደግሞ ከሌላ ወገን ተመድቦ ስሙ ተለወጠ። ከውጭ አገር ሳይገባ እንዳልቀረ ይታመናል። ስፖር የሚባለው ረቂቅ ዘሩ በዝናብ ነጠብጣብና በነፋስ ይሰራጫል፤ ቅጠል በረገፈበት ጠባሳ፣ በእምቡጥና በማናቸውም ቁስል በኩል ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከላይ ከቅርንጫፎቹ ነው፤ ከዚያ ዝናቡ ስፖሩን እያጠበ ወደ ግንዱ ያወርደዋል። ቁስሉ ሞላላና ወደ ውስጥ የሰረጎደ ነው፤ በጸደይ ቀለም የመሰለ ጥቁር ፈሳሽ ያለቅሳል፤ በበጋ ደርቆ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። አንድ ቁስል ብቻውን ዛፍ አይገድልም። ቁስሎቹ እየበዙ ተያይዘው ግንዱን እንደ ቀለበት ሲከቡት ግን ምግብ ከቅጠል ወደ ሥር መውረዱ ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ዛፉ ያበቃለታል። ከሞተ በኋላ እንኳ ፈንገሱ በበድኑ ላይ ከዓመት በላይ ይቆያል።

የሚረጭ መድኃኒት የለውም። በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዕፀዋት ጋር በፌዴራሉ ሕግ ተመዝግቧል። ስለዚህ በተርነትን መትከል ማለት እንደ ማንኛውም የጓሮ ዛፍ ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኝ ማቆም ብቻ አይደለም፤ የማንን ዘር እንተክላለን የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

የዘሩን ነገር የተማርሁት በስሕተት ነው። ከምማርበት ከተማ ውጭ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንድ ገበሬ አሉ፤ ከእርሻቸው ሥር በወንዝ ዳር ሰባት በተርነቶች ነበሯቸው። ስድስቱ አናታቸው ደርቆ ግንዳቸው ጠቁሮ ነበር። ሰባተኛው ግን በመካከላቸው ቅጠሉ ሙሉ፣ ቅርፊቱም ንጹሕ ሆኖ ቆሞ ነበር። አዛውንቱ ፈቅደውልኝ በመስከረም መጨረሻ ከዚህ ዛፍ ሥር አንድ ከረጢት ፍሬ ለቀምሁ። ልጣጩን በባዶ እጄ ስልጥ ዋልሁ። ለሁለት ሳምንት እጄ ከነጥፍሮቼ ቡናማ ሆኖ ቀረና በእሑድ ማኅበር የተገናኘን ወገኖች «እንሶስላ ሞቀህ ወይ?» እያሉ ሳቁብኝ። ጓንት ማድረግ እንደሚያስፈልግ ከዚህ ተረዱልኝ።

ስሕተቴ ግን እሱ አልነበረም። እኔ የማውቀው የእህል ዘር ነው፤ ገብስም ሆነ ጤፍ ዘር የሚሆነው በደንብ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ፍሬዎቹን በማሞቂያው ላይ አስጥቼ ክረምቱን አሳለፍሁ፤ በጸደይም ዘራሁ። አንድም አልወጣ። የበተርነት ፍሬ ለዘር ሲፈለግ ከደረቀ ይሞታል። ደግሞም ሳይበርደው አይነቃም፤ እርጥበት እንዳለው ሆኖ ከ90 እስከ 120 ቀን ያህል ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መሰንበት አለበት። ክረምቱ ያለፈ መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ነው። «ወደ አገር ቤት ወስደን ብንተክለውስ?» ብለው የጠየቁኝ ጓደኞች አሉና መልሴ ይኸው ነው፤ ፍሬው ይህን ያህል ወር ብርድና ዛፉም ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛበት ክረምት የሚሻ ነው። አገራችንም ሊጠበቁ የሚገባቸው የራሷ ዛፎች አሏት።

በሁለተኛው ዓመት ፍሬውን በመከር ጊዜ እንደ ለቀምሁ ወዲያው ከቤቱ ጀርባ በመደብ ላይ ዘራሁት፤ ይህ ትክክለኛው መንገድ ነው። ነገር ግን ሽኮኮዎቹን ረስቼ ነበር። በአገራችን ሽኮኮ የምንለው ጭራ የሌለው የገደል አውሬ ነው፤ የዚህ አገሩ ግን ጭራው ከአካሉ የማያንስ ዛፍ ወጪ ሌባ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሳያስቀር ቆፍሮ ወሰደው። በመከር የሚዘራ ሰው ፍሬውን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቀብሮ፣ በላዩ የሽቦ ወንፊት ዘርግቶ፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ መጫን አለበት። ወንፊቱን በጸደይ ቡቃያው ከመድረሱ በፊት ማንሣት እንዳይረሳ።

በሦስተኛው ዓመት ሁለቱንም ስሕተት ትቼ 24 ፍሬ ያዝሁ። በባልዲ ውኃ ስጨምራቸው 5 ተንሳፈፉ፤ የተንሳፈፈ ፍሬ ውስጡ ባዶ ወይም የተበላ ነውና ጣልኋቸው። 19ኙን በእርጥብ አሸዋ መካከል በላስቲክ ከረጢት አድርጌ በማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከጓደኞቼ የወጥ ዕቃ ጎን አስቀመጥሁ። አንዱ አብሮኝ የሚኖር ልጅ ከረጢቱን ባየ ጊዜ «ይህ ደግሞ የማን ጥንቆላ ነው?» ብሎ ሊጥለው ምንም አልቀረው ነበር። ስምና ቀን መጻፍ ይጠቅማል። አሸዋው ሲጨመቅ ውኃ የማይንጠባጠብ፣ ሲዳሰስ ግን የሚቀዘቅዝ መሆን አለበት፤ በጣም ከራሰ ፍሬው ይሻግታል። በሚያዝያ ስዘራቸው 11 ችግኝ ወጣ።

ችግኙ ገና ቁመቱ አንድ ስንዝር ሳይሞላ ዋና ሥሩ ወደ ታች ሁለት ስንዝር ይወርዳል። ስለዚህ ዕቃው ጥልቅ ይሁን፤ በጠባብ ቆርቆሮ ያደገ ችግኝ ሥሩ ይጠመዘዝና ዕድሜ ልኩን አይድንም። ወደ ቋሚ ቦታው ማዛወር የሚገባውም በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ዓመት ቅጠሉ ረግፎ ሳለ ነው። ቦታው ውኃ የማይተኛበት፣ ጥልቅና ለም አፈር ይሁን፤ የወንዝ ዳር ተዳፋት በጣም ይወድዳል። ከሁሉ በላይ ግን ፀሐይ ይፈልጋል። በተርነት ጥላ ፈጽሞ አይችልም፤ በጫካ መካከል ከሌሎች ዛፎች ሥር የወደቀ ፍሬው ቢበቅልም ቀጭጮ የሚሞተው ስለዚህ ነው። በሽታው ትልልቆቹን ሲገድል የሚተካ ወጣት የጠፋውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በአንዱና በሌላው ዛፍ መካከል ቢያንስ 10 ሜትር መተው ይገባል፤ አየር እንዲዘዋወርና ቅርፊቱ ቶሎ እንዲደርቅ ይረዳዋል። በነፋስ የሚዳቀል ስለሆነም አንድ ብቻ ተክሎ ብዙ ፍሬ መጠበቅ አይበጅም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዓመታት ሣሩን መንቀል፣ ሥሩን መጎዝጎዝ፣ ዝናብ ሲጠፋ ማጠጣት ያስፈልጋል። ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ፤ ክረምት አይጥ በውስጡ ተደብቆ ቅርፊቱን በዙሪያው ይግጣል። አጋዘንም በአፉ ቀንበጡን፣ በቀንዱ ቅርፊቱን ያጠፋልና የሽቦ አጥር ይደረግለት። ቅርንጫፍ መቁረጥ ካስፈለገ አየሩ ደረቅ በሆነበት ቀን፣ መቁረጫውን ከዛፍ ወደ ዛፍ በአልኮል እየጠረጉ ነው፤ እያንዳንዱ ቁስል ለፈንገሱ በር ነው። በጓሮ ቃሪያና ቲማቲም የሚያለማ ወገን ደግሞ ይህን ይስማ፦ የዋልነት ወገን ሁሉ ጁግሎን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ፖም በአጠገቡ እንዳይተከሉ ይመከራል።

ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ 20 ዓመት ያህል ይፈጃል። ይህን ስናገር ብዙዎቻችሁ ገጹን እንደምትገልጡ አውቃለሁ፤ ግን ጥቂት ታገሡኝ።

11ዱን ችግኞች ላሳያቸው በግንቦት ወደ አዛውንቱ ዘንድ ሄድሁ። በወንዙ ዳር ሰባት ጉቶ ቆጠርሁ። በክረምቱ አንድ እንጨት ገዢ መጥቶ «ጤነኛውም በሽታው አይቀርለትም፤ ዋጋ ሳለው ይሸጥ» ብሏቸው ኖሮ ሁሉንም አስቆርጠዋል። አልፈርድባቸውም፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔ እንኳ ሦስት ዓመት ስመላለስ ይህ አንዱ ዛፍ ለምን እንደሚለይ አልነገርኋቸውም ነበር፤ ለእኔ የዘር መልቀሚያ ብቻ ነበር። በጉቶው ላይ 58 ቀለበት ቆጠርሁ። ከወጣት በተርነት ጉቶ አዲስ ቡቃያ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ከዚህ ግን አልወጣም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ስድስት ሲሞቱ አንዱ በመካከላቸው ንጹሕ ሆኖ ከቆመ፣ ምናልባት በአጋጣሚ አምልጦ ይሆናል፤ ምናልባት ግን በተፈጥሮው በሽታውን የሚችል ይሆናል። የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው ዛፉ ከቆየና ዘሩ ከተፈተነ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ከቡና ልናውቀው ይገባን ነበር። የቡናን ፍሬ በለጋነቱ የሚያጠፋው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን በታየ ጊዜ፣ በጅማ የነበሩ ተመራማሪዎች በታመመው መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን የቡና ዛፎች እየፈለጉ፣ ዘራቸውን እየሰበሰቡና እየፈተኑ በሽታውን የሚችል ቡና ለገበሬው አወጡ። ያ ሁሉ ሊሆን የቻለው እናት ዛፎቹ ቆመው ስለ ተገኙ ነው።

በተርነት ከቡና ይልቅ የሚያስቸግርበት ሁለት ነገር አለ። ቡና በጥቂት ዓመት ያፈራል፤ ይህ ግን ሃያ ዓመት ያስጠብቃል። ደግሞም የእኛ ቡና ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ልጁ እናቱን ይመስላል፤ የበተርነት አባት ግን ነፋስ ያመጣው ነው። ስለዚህ የተመራማሪዎቹ ዘዴ ከጤነኛው ዛፍ ቀንበጥ ቆርጦ በጥቁር ዋልነት ችግኝ ሥር ላይ መቀጠል ነው፤ እንዲህ የተቀጠለው ዛፍ ራሱ ያው እናቱ ነው። ይህም ቢሆን ቀንበጥ የሚቆረጥለት እናት ዛፍ ቆሞ ሲገኝ ነው።

ታዲያ የትኛው ይቆረጥ፣ የትኛው ይቆይ? የአሜሪካ የደን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው መመሪያ ለሁላችን ሊገባ የሚችል ነው። ከላይኛው ቅርንጫፉ ከ70 በመቶ በላይ ሕያው ሆኖ፣ ቁስሉ ከግንዱና ከሥሩ ጉልላት ዙሪያ ከ20 በመቶ በታች የያዘ ዛፍ ይቆይ። ግንዱ ጨርሶ ቁስል የሌለበት ከሆነ ደግሞ ግማሹ ቅርንጫፍ ብቻ ሕያው ቢሆንም ይቆይ። የአዛውንቱ ሰባተኛ ዛፍ ይህን ሁሉ አልፎ የሚሄድ ነበር። በመሬታቸው ላይ በተርነት ያላቸው ሰዎች የምታውቁ ካላችሁ፣ ይህችን መመሪያ ንገሯቸው፤ በካናዳ ያላችሁ ደግሞ ከመቁረጥ በፊት የአካባቢውን ሕግ እንዲጠይቁ አስታውሷቸው።

የቀረውን ልንገራችሁና ላብቃ። 11ዱ ችግኞች ከዚያ ዛፍ የቀሩ ናቸው፤ አባታቸውን ግን አላውቅም። ከእርሻው ብዙ ሳይርቅ በአንድ ቤት ጓሮ የጃፓን ዋልነት ተተክሎ አይቻለሁ። የጃፓን ዋልነት ወደ አሜሪካ የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ሲሆን ከበተርነት ጋር በቀላሉ ይዳቀላል። ዲቃላው ፈጥኖ ያድጋል፣ ብዙ ያፈራል፣ በሽታውንም የተሻለ ይችላል፤ ስለዚህ ሰው «ጤነኛ በተርነት አገኘሁ» ብሎ የሚደሰትበት ዛፍ ብዙ ጊዜ ዲቃላ ሆኖ ይገኛል። ለጓሮ ጥላና ለፍሬ ነውር የለበትም። የጥንቱን ዘር ለማቆየት ግን አይሆንም፤ በዱር በተርነት አጠገብ ቢተከል ደግሞ የቀረውንም ያዳቅለዋል። በዓይን መለያው የቅርፊቱ ቀለም፣ የመቅኒው መልክና የቅጠሉ መርገፊያ ጊዜ ነው፤ እውነተኛው በተርነት በመከር ቀድሞ ቢጫ ሆኖ ይራገፋል፣ ዲቃላው አረንጓዴ እንደ ሆነ ይቆያል። እርግጡን የሚነግረው ግን የዲኤንኤ ምርመራ ነው።

ባለፈው መከር ከ11ዱ ሰባቱ በመስከረም መጨረሻ ቅጠላቸውን አራገፉ። አራቱ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ አረንጓዴ ነበሩ። ከሁሉም ቅጠል ወስጄ ለምርመራ ልኬአለሁ። አዛውንቱም ሰባቱ ንጹሕ ሆነው ከተገኙ በዚያው በጉቶዎቹ መካከል እንድተክላቸው ፈቅደውልኛል፤ ጉድጓዱን ራሳቸው እንደሚያስቆፍሩ ነግረውኛል። ለአራቱ ግን ከዱር የራቀ ጓሮ ያለው ወገን ከመካከላችሁ ቢገኝ፣ በአዘጋጁ በኩል ይጻፍልኝ።